ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የፌሪ ድግስ በጓሯችን፦ ጥያቄዬና የመጡልኝ 19 መልሶች

የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ቅዳሜ ሰኔ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ጁን 20፣ 14 ዓመት ይሞላታል። ልደቷ በጓሯችን እንዲከበርላት ጠይቃ፣ የድግሱ መልክ የፌሪዎች የአበባ ቦታ እንዲሆን መርጣለች። ፌሪ ማለት በእንግሊዞች ተረት በአበባና በዛፍ መካከል ትኖራለች የምትባል፣ ሠዓሊዎች ክንፍ እየቀጠሉ የሚሥሏት ፍጡር መሆኗን ልጆቻችን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። የተጠሩት ዘጠኝ ልጃገረዶች ናቸው፤ ሦስቱ የሰንበት ትምህርት ቤት እኅቶቿ፣ ሁለቱ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ አራቱ የክፍል ጓደኞቿ። እኔም አሥር ክንፍ፣ አርባ ትንንሽ ሻማ፣ የሚብለጨለጭ ዱቄት፣ በቅቤና በዕንቁላል የተሠራ ባለ ሦስት ደርብ ኬክ፣ ለጠረጴዛው ደግሞ ረጃጅም የፎክስግላቭ አበባ ብዬ የግዢ ዝርዝር ጻፍሁ። ዝርዝሩን እዚህ መድረክ ላይ አስቀምጬ ሁለት ነገር ጠየቅሁ፤ ይህ ነገር ለ14 ዓመት ልጅ የሕፃን ጨዋታ አይሆንባትም ወይ? የጎደለኝ ነገርስ ምንድን ነው?

በሦስት ቀን ውስጥ 19 መልሶች መጡ። አንዳንዶቹ አስደስተውኛል፣ አንዱ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ቢያንስ ሦስቱ ደግሞ ከከባድ ስሕተት አድነውኛል። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለ ረዘመ፣ ተመሳሳይ ድግስ ያሰበች እናት ሁሉንም እንድትለቅም ላለማድረግ፣ የተባለውን በራሴ አገላለጽ በተራ ቁጥሩ አቀርበዋለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ሁለት ሴት ልጆች አሳድገው ከጨረሱ፣ በአትላንታ ከሚኖሩ እናት ነው። ዕድሜው አላለፈም ብለው አጽናኑኝ፤ ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ እናቷ ሁሉን አዘጋጅታ ስትጠብቃት ደስ ሲላት፣ የ14 ዓመቷ በዚያው ነገር በጓደኞቿ ፊት ታፍራለች አሉ። ለታናሽ ልጃቸው 13ኛ ዓመት የተገዛው ክንፍ ሁሉ ድግሱ እስኪያልቅ በወንበር መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ቀረ አስታውሰው፣ ተሠርቶ ያለቀ ነገር እንዳላቀርብ፣ ይልቁንም ሽቦውን፣ ስሱን ጨርቅና አበባውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለልጆቹ እንድተውላቸው መከሩኝ። ከ19ኙ መልሶች በሙሉ ድግሱን የለወጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

2ኛው መልስ የመጀመሪያውን ደግፎ፣ የራስ አበባ ጉንጉን እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር አስረዳ። ጸሐፊዋ በአበባ መሸጫ ሱቅ የሠራች ናት። የብዙ ሰው ራስ ዙሪያ ከ55 ሳንቲሜትር ብዙም ስለማይርቅ ሽቦው ከ65 ሳንቲሜትር እንዳያንስ፣ ጫፎቹም ዐይን እንዳይወጉ ተጠቅልለው እንዲታጠፉ አሳሰበች። የአበባው ግንድ አራት ወይም አምስት ሳንቲሜትር ያህል ቀርቶለት ይቆረጣል፤ ከሽቦው ጋር ይጋደምና የአበባ ሻጮች በሚጠቀሙበት አረንጓዴ ቴፕ እየተሳበ ይጠመጠማል፤ ቴፑ ካልተሳበ ስለማይጣበቅ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀጣዩ አበባ የፊተኛውን ግንድ እየሸፈነ ይቀመጣል። ካርኔሽንና ዴዚ ያለ ውኃ እስከ ምሽት እንደሚቆዩ፣ ሃይድራንጃ ግን ከውኃ በወጣች በጥቂት ጊዜ ውስጥ አንገቷን እንደምትደፋ ጨምራለች።

3ኛው መልስ ቁጣ ነበረበት፤ ቁጣውም የተገባ ነበር። በድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። በዝርዝሬ ላይ ፎክስግላቭን ስታይ ማመን እንዳቃታት ገልጻ፣ አበባው፣ ቅጠሉም ዘሩም ሁሉ መርዝ መሆኑን፣ ለልብ ሕመምተኞች በጥንቃቄ ተመጥኖ የሚሰጠው ዲጎክሲን የሚገኘው ከዚሁ ወገን መሆኑን አስረዳች። ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ይቅርና በማሰሮው ውስጥ የቀረው ውኃም ሊጠጣ የማይገባ ነው። ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ የምትባለዋን ነጭ አበባ፣ በአገራችንም በየግቢው የሚተከለውን ኦሊያንደርን በዚሁ ዝርዝር ጨመረች። ኬክ ላይ አበባ ማኖር ካማረኝ ፓንዚ፣ ናስተርሺየም ወይም የጽጌረዳ ቅጠል መጠቀም እንደምችል፣ እነዚህም ቢሆኑ ለመብል ተብለው ያደጉ እንጂ ከአበባ ሱቅ የመጡ መሆን እንደሌለባቸው፣ የሱቁ አበባ የተባይ መድኃኒት ስለሚረጭበት መሆኑን አብራራች። የአሜሪካን የመመረዝ መረጃ ማእከል ቁጥር፣ 1-800-222-1222፣ ስልኬ ላይ እንድጽፍ አዘዘችኝ፤ ጽፌዋለሁ። የፎክስግላቩንም ትእዛዝ በዚያው ሌሊት ሰረዝሁ።

4ኛውና 5ኛው መልስ የእንኳን አደረሳችሁ ሰላምታ ስለ ነበሩ አመስግኜ አልፋቸዋለሁ።

6ኛው መልስ እንቅልፍ የነሳኝ ነው። የጻፉት ራሳቸውን እንደ አባት ያስተዋወቁ ሰው ሲሆኑ፣ አጀማመራቸው ጨዋነት ነበረው። ዛርንና ውቃቢን ከሕዝባችን መካከል ለማራቅ አባቶች ስንት እንደደከሙ ጠቅሰው፣ ዛሬ እኛ በፈቃዳችን ሴት ልጆቻችንን በመንፈስ አምሳል አልብሰን በጓሮ ማሰለፋችን ምን ይባላል ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው በራሱ አያስከፋም፤ እኔም በልቤ ያደረ ነገር ነው። ያስከፋኝ ማሳረጊያቸው ነው፤ በውጭ የምንኖር እናቶች የፈረንጅ ነገር እንዳይቀርብን ስንል ልጆቻችንን አሳልፈን እንደምንሰጥ አድርገው ጻፉ። ልጄን በየእሑዱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሼ ቤተ ክርስቲያን የማደርስ እናት ነኝና ቃሉ ከበደኝ።

7ኛው መልስ ለ6ኛው በቁጣ የተሰጠ ነው። ከሚኒያፖሊስ የጻፈችው ወጣት፣ ስለ አያ ጅቦ ተረት ሲነገራቸው ያደጉ ልጆች ጅብ እንዳልሆኑ፣ ወረቀት ክንፍ ያደረገችም ልጅ መንፈስ እንደማይሠፍርባት አስረግጣ ተናገረች። እስከዚህ ድረስ አብሬያት ነበርሁ። ከዚያ ግን ስለ ሰውየው ዕድሜና ዕውቀት ያልተገባ ቃል ጨመረች፤ ስለ እኔ ብላ ብትቆጣም፣ ታላቅን እንዲህ መናገር በስሜ እንዲደረግ አልወድም።

8ኛው መልስ ነገሩን ያበረደው፣ እኔንም ወንበሬ ላይ ያስቀረኝ ነው። ጸሐፊዋ በእንግሊዝ አገር፣ በሊድስ ከተማ ትኖራለች። ከእርሷ ከተማ ብዙም በማይርቀው፣ ብራድፎርድ አጠገብ በሚገኘው ኮቲንግሊ መንደር በ1917 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሆነውን ተረከችልን። የ16 ዓመቷ ኤልሲ ራይትና የ9 ዓመቷ የአክስቷ ልጅ ፍራንሲስ ግሪፊትስ የኤልሲን አባት ካሜራ ተውሰው ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ጅረት ይወርዳሉ፤ ሲመለሱም ፍራንሲስ በሚጨፍሩ ፌሪዎች ተከብባ የምትታይበትን ፎቶግራፍ ይዘው ይመጣሉ። አባትየው ባያምናቸውም ፎቶው ከቤት ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ሼርሎክ ሆምስን የፈጠረው ታላቁ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል እውነት ነው ብሎ ተቀብሎ በታኅሣሥ 1920 ስትራንድ በተባለው መጽሔት አወጣው። ፌሪዎቹ ግን ኤልሲ ከሥዕል መጽሐፍ አይታ በወረቀት ላይ የሣለቻቸው፣ በመቀስ ቆርጣ በረጅም የባርኔጣ መርፌ ሣሩ ላይ የተከለቻቸው ነበሩ። ሁለቱ የአክስትማማቾች ይህን የተናገሩት አሮጊቶች ከሆኑ በኋላ፣ በ1983 ነው።

የሊድሷ እኅታችን ይህን የተረከችው ለተረት ብላ አልነበረም። ፌሪን በዓለም ያስወራችው ራሷ የልጄ እኩያ እንደ ነበረች፣ መቀስ፣ ቀለምና መርፌ ይዛ እንደሠራችው አሳይታ፣ ልጃገረዶቹ ይህንኑ በጓሮዬ እንዲደግሙት ሐሳብ አቀረበች። እያንዳንዷ የራሷን ፌሪ በወፍራም ወረቀት ሥላ፣ ቆርጣ፣ በመርፌ ከአበባው መካከል ተክላ በስልኳ ፎቶ ታነሣለች፤ በመጨረሻም ማን ይበልጥ እውነት አስመስላ እንዳነሣች ሁሉም ተሰብስበው ይፈርዳሉ። ይህን ሳነብ ልጄን ጠርቼ አስነበብኋት፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለክሩ ደንታ ያልሰጠችው ልጅ ስልኬን ከእጄ ወሰደችው።

9ኛው መልስ በትሕትና የተሰጠ እርማት ነበር። 8ኛዋ ጸሐፊ ሁሉም ፎቶ ሐሰት መሆኑን ሁለቱም አምነዋል የሚል አሳብ ስለሰጠች፣ ፎቶዎቹ በጠቅላላው አምስት እንደሆኑ፣ ሦስቱ በ1920 እንደተነሡ፣ ፍራንሲስም በ1986 እስክትሞት ድረስ አምስተኛው እውነተኛ ነው ከማለት እንዳልተመለሰች አመለከተ። የሊድሷም እርማቱን ተቀብላ አመሰገነች።

10ኛው መልስ የሰቆጣ ተወላጅ ከሆነች፣ በዴንቨር ከምትኖር ሴት ነው። ወደ 6ኛው ተመልሳ፣ ልጃገረድ በአበባና በሣር ተሸልማ መጫወቷ የፈረንጅ ብቻ እንዳልሆነ አስታወሰች። በዋግ ኽምራ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው እየጨፈሩ ይዞራሉ፤ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል፤ በእንቁጣጣሽም አደይ አበባ ይዞ ከቤት ቤት መዞር አለ። ስለዚህ ክንፉ እንግዳ ቢሆን፣ አበባውና ሣሩ የቤታችን ነው አለች። አንድ የመድረኩ አንባቢ የሻደይ በዓል ከእመቤታችን ዕርገት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከልደት ድግስ ጋር መነጻጸሩ አይገባም ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር፤ እኔ ግን ንጽጽሩን የወደድሁት በዓሉን ለማቃለል ሳይሆን ልጄ የራሷን ነገር በዚያ እንድታይበት ነው።

11ኛው መልስ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ነው። በረጋ አነጋገር፣ ሊጠየቅ የሚገባው የተለበሰው ልብስ ሳይሆን የሚደረገው ነገር መሆኑን አስረዳ፤ መጥራት፣ ማስጠንቆል፣ ስለት መሳል ከሌለበት ጨዋታው ጨዋታ ነው፤ ጥርጣሬ ቢቀረኝ የነፍስ አባቴን እንድጠይቅ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ያላየውን፣ እኔም የዘነጋሁትን ጠቆመ። ሰኔ 13 የሐዋርያት ጾም ነው። ቅዳሜ ቢሆንም ቅቤና ዕንቁላል አይበላም። ሦስቱ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ኬኩን እያዩ ሊቀመጡ ነው ማለት ነው፤ ልጄም ጭምር። አፈርሁ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለአንድ ቀን ከድግሱ ወጣ። 12ኛው መልስ የሰኔ ጾም የቄስ ጾም እንጂ የምእመን አይደለም፣ ልጆቹን አታስጨንቂ የሚል ነበር። 13ኛው በኃይል ተነሥቶ፣ ጾመ ሐዋርያት ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ መሆኑን፣ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ለሁሉም እንደሚጾም ዘርዝሮ፣ የ12ኛውን ጸሐፊ ያስተማረው ማን እንደሆነ ጠየቀ። በፍሬ ነገሩ የማምነው 13ኛውን ነው፤ አቀራረቡ ግን ሰው የሚመልስ አይመስለኝም፤ 12ኛዋ ጸሐፊም ከዚያ ወዲያ ወደ ክሩ አልተመለሰችም። አንዲት ሴት ከእንግዳነት ወግ አንጻር ቤቱ የጾመ ለማይጾም ማቅረብ እንደማይከለከል ልታስረዳ ጀምራ ነበር፤ እኔ ግን በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ኬክ አልፈልግም፤ አሥሩም ከአንድ ኬክ ይበላሉ።

14ኛው መልስ መፍትሔውን ይዞ መጣ። በዳላስ የጾም ኬክ እየጋገረች የምትሸጥ እኅታችን፣ በአንድ ዕንቁላል ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ በጥብጦ እስኪያዝ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየት እንደሚበቃ ጻፈች። ለእናቶቻችን ተልባ እንግዳ ነገር አይደለምና ነገሩ ልቤን አሞቀው። ለላይኛው ነጭ ክሬም የኮኮናት ወተት ቆርቆሮው ሌሊቱን በማቀዝቀዣ አድሮ የረጋው ብቻ ይመታል፤ ወይም የተቀቀለ ሽምብራ ውኃ ከስኳር ጋር በማሽን ሲመታ እንደ ዕንቁላል ነጭ አረፋ ይሆናል። የኋለኛውን ባላምንም ሞከርሁት፤ ስምንት ደቂቃ ገደማ ከተመታ በኋላ ማንኪያውን ስገለብጠው አልወደቀም።

15ኛው መልስ የሙስሊም እናት ነው፤ በእጅጉ ጨዋ ነበረች። ድግሱ ሁለት ሙስሊም ልጆች እንዳሉበት አንብባ፣ ለፌሪ ድግስ ሁልጊዜ የሚገዛው ማርሽማሎና ጄሊ ብዙውን ጊዜ ከአሳማ በተገኘ ጄላቲን እንደሚሠራ፣ ልጆቹ አፍረው ሳይጠይቁ እንዳይበሉ ወይም ተርበው እንዳይመለሱ አሳሰበች። ጄላቲን ለሚጾሙትም እንደማይሆን ያስተዋልሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቱንም ትቼ ሐብሐብና እንጆሪ፣ የምስር ሳምቡሳና ሱፍ በብርጭቆ ለማቅረብ ወሰንሁ።

16ኛው መልስ አጭር ነበር፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር። ጸሐፊዋ በትንሣኤ ሌሊት አጠገቧ የቆመች ሴት ነጠላ ከጧፉ እሳት ይዞ እንዴት በቅጽበት እንደ ነደደ ማየቷን ነግራ፣ ስስ ጨርቅና አርባ ሻማ በአንድ ጓሮ እንዳላደርግ ለመነችኝ። ሻማው ቀርቷል። በባትሪ የሚበራውን እገዛለሁ፤ የሁለት ዓመት ልጅ በቤት ስላለን፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ባትሪ ከተዋጠች ጉሮሮ የምታቃጥል ናትና፣ ክዳኑ በብሎን የሚታሰረውን ብቻ።

17ኛው መልስ ከፍራንክፈርት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ልቅ የሆነ የፕላስቲክ ብልጭልጭ ዱቄት እንዳይሸጥ መከልከሉን ጠቅሶ፣ ከሣር ውስጥ ተለቅሞ እንደማያልቅ ነገረኝ። ይህም ከዝርዝሬ ወጣ።

18ኛው መልስ ከጎረቤታችን ቨርጂኒያ ነው፤ በዚህ ክር ውስጥ ካነበብሁት ሁሉ የወደድሁት። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ጅራታቸው የሚያበራ ትንንሽ ጥንዚዛዎች ከሣሩ ይነሣሉ፤ ወንዶቹ እየበረሩ፣ ሴቶቹ ሣር ላይ ተቀምጠው በብርሃን ይጠራራሉ። ሰው ሠራሽ መብራት ግን ጥሪያቸውን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ጸሐፊው፣ ለገና ዛፍ የሚሆነውን የመብራት ገመድ ሁሉ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ብቻ አብርቼ ከዚያ በኋላ የደጁንም አምፖል እንዳጠፋ መከረኝ። ጥንዚዛዎቹ የሚወዱት ረጅም ሣር መዥገርም እንደሚወደው፣ በእኛ አካባቢ መዥገር የላይም በሽታ እንደሚያስተላልፍ አስጠንቅቆ፣ ልጆቹ በታጨደው ላይ እንዲቀመጡ፣ ማታ ቤታቸው ሲደርሱም ከጉልበታቸው ጀርባና ከፀጉራቸው ሥር እንዲፈተሹ ለእናቶቻቸው መልእክት እንድልክ ነገረኝ። የ3ኛዋ ነርስ እዚህ ላይ ተመልሳ አንድ ነገር ጨመረች፤ ጓሯችን ያለውን ጤና አዳም ልጆቹ ጉንጉን ውስጥ እንዳይሰኩት፣ ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው እንደሚያቃጥልና ውኃ እንደሚያስቋጥር ነው። ለዓመታት ለቡና ስቀጥፈው ይህን አላውቅም ነበር።

19ኛውን መልስ የጻፈችው በእኔ ፈቃድ ልጄ ናት። ለሁሉም በስም ሳይሆን በቁጥር አመሰገነች፤ 6ኛውንም አባት ጭምር፣ ስለ እርሷ ማሰባቸውን አክብራ። ክንፍ መልበስ እንደማትፈልግና ይህን ለእኔ ለመንገር አፍራ እንደቆየች፣ የወደደችው የኮቲንግሊን ፎቶ መሆኑን፣ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ምሽት ድረስም እናቶች ከመስኮቱ ወዲህ እንዲቆዩ እንደምትለምን ጻፈች። ለሁለት ሳምንት ስለ ክንፍ ስመራመር ያልጠየቅኋት እርሷን ብቻ መሆኑን ከዚያ ጽሑፍ ተረዳሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሙከራ አደረግን። ልጄ ቁመቷ የመዳፍ ያህል የሆነች ፌሪ ሥላ፣ የጠቀለለ ጸጉር ሰጥታ፣ በወገቧ ላይ ሣር አሰረችላት። ከኋላዋ መርፌ በቴፕ አጣብቀን ከናናው ማሰሮ ውስጥ ተከልናት። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ መርፌው በፀሐይ አበራና አጋለጠን፤ ልጄ አረንጓዴ የጥፍር ቀለም ቀባችው። ቀጥሎ ስልኩን ገልብጣ ካሜራው አፈሩን እስኪነካ ዝቅ አደረገችው፤ ያን ጊዜ ናናው ዛፍ አከለ። በሦስተኛው ላይ ትንሽ ነፋስ መጣና ወረቀቱ ስለተንቀሳቀሰ ጠርዙ ደበዘዘ። ፎቶውን ለባለቤቴ ሳሳየው፣ ይህች ምን ወፍ ናት ብሎ ጠየቀኝ።

ለመርፌው የጥፍር ቀለም የማይበቃ ከሆነ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ ካለ በ20ኛው መልስ ይጻፍልን። የሰቆጣዋ እኅታችንም ሣሩ በወገብ እንዴት እንደሚታሰር ብታስረዳን፣ ልጄ የምትሠራቸውን ዘጠኝ የወረቀት ፌሪዎች በትክክሉ ማሰር ትፈልጋለች።